አምናና ዘንድሮ፤ የገበያ ዋጋ በእውነት መለወጡን ጥንድ በጥንድ መርምሮ ስለ ማወቅ

የእህል ዋጋ ለአንድ አገር እንደ ሰው የደም ሥር ትርታ ነው። ሐኪም የበሽተኛውን እጅ ይዞ ትርታውን በመቍጠር በሰውነት ውስጥ የተሰወረውን እንደሚያውቅ፣ አስተዋይ ሹምም የገበያውን ዋጋ በመከታተል በየቤቱ ጐተራ ውስጥ ያለውን ነገር ገና ሰው ሳይነግረው ሊያውቀው ይችላል። ዳሩ ግን ትርታ የሚቈጥር ሰው ልኩን ካላወቀ ደኅናውን በሽተኛ፣ በሽተኛውንም ደኅና ነው እያለ ብዙ ጥፋት ያደርጋል። የገበያም ነገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ገበያ ዋጋ በሁለት ዓመት መካከል በእውነት ተለውጦ እንደ ሆነ፣ ወይም ልዩነቱ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር እንደ ሆነ ለመለየት የሚያስችለውን የሒሳብ ብልሃት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለ ማናቸውም ጸሐፊ ሊሠራው በሚችል መንገድ ለመግለጽ አስበናል።

ለምሳሌም የሮቢትን ገበያ እንወስዳለን። ይህች ሮቢት በሸዋ ካለችው ሮቢት ሌላ ስትሆን፣ በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የቈላ ከተማ ናት። በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብልም ወዲያ የአፋር በረሃ ነው። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ጤፍ ይዘራል፤ የከርሠ ምድር ውኃ ወጥቶ በመስኖ በሚጠጣውም መሬት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቅላል። ዝናቡ በሁለት ወራት የሚጠበቅ ነው፤ አንደኛው የበልግ፣ ሁለተኛው የክረምት ዝናብ ነው። የበልጉ ዝናብ በደኅና የጣለ እንደ ሆነ ገበሬው እንደ ደጋለት ያለውን ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፤ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ግን ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል፤ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ከደጋው የሚወርደውንም ጐርፍ እየጠለፈ ወደ እርሻው ያገባል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የእህል ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍና ዝቅ ማለቱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ እውነተኛውን ለውጥ ከተራው መዋዠቅ መለየት ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልጋል።

በየወረዳው እንደሚታወቀው፣ ገና ክረምቱ ሲገባ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ዘንድሮስ እህል ተወደደ፤ ከአምናው ጋራ ከቶ አይገናኝም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ የለም፤ በዚህ ወራት ሁልጊዜም እንዲህ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከትዝታቸው ነው እንጂ ከመዝገብ አይደለም። የሰው ትዝታም ክፉውን ቀን አጕልቶ፣ ደኅናውን ቀን አሳንሶ የሚያስቀምጥ ስለ ሆነ፣ ለዋጋ ምስክርነት አይበቃም። ሹሙ ግን በዚህ መካከል ለበላዩ መጻፍ አለበት። ሳይወደድ ተወደደ ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ወሬው በተሰማ ጊዜ ነጋዴው እህሉን ይሸሽጋል፤ ያልነበረውም ውድነት በወሬው ምክንያት ይመጣል። ተወድዶ ሳለ አልተወደደም ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ እርዳታው ሳይደርስ ገበሬው መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመለስለትም እንኳ የሚያርስበት የለውምና፣ የአንድ ዓመት ችግር የብዙ ዓመት ድኽነት ሁኖ ይቀራል።

አምናን ከዘንድሮ ጋራ ለማስተያየት ብዙ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ የአምናውን የየወሩን ዋጋ ደምሮ ለወሮቹ ቍጥር ያካፍላል፤ የዘንድሮውንም እንደዚሁ ያደርጋል፤ ሁለቱንም መካከለኛ ዋጋዎች አጠጋግቶ የበለጠውን ተወደደ ይለዋል። ይህ አሠራር ለመጀመሪያ ያህል ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛው፣ ሁለት መካከለኛ ዋጋዎች ፍጹም እኩል መሆናቸው በጭራሽ የማይገኝ ነገር ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ ወይ ተወደደ ወይ ረከሰ ሲባል ይኖራል። ሁለተኛው፣ በአንዱ ዓመት ውስጥ ያለው የወራት ልዩነት ራሱ እጅግ ትልቅ ነው። ማሽላ በታኅሣሥና በጥር አውድማው ገና ሲነሣ ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጐተራው ሲራቈት ይወደዳል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ያለው ከፍታና ዝቅታ በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ውጦ ያስቀረዋል።

መድኃኒቱ ጥንድ በጥንድ ማመሳከር ነው። ይኸውም የአምናውን መስከረም ከዘንድሮው መስከረም፣ የአምናውን ጥቅምት ከዘንድሮው ጥቅምት ጋራ እንደ ጥማድ በሬ እያጣመዱ፣ የየጥንዱን ልዩነት ብቻ መመርመር ነው። ሁለት ዓይነት ዘር ለመፈተን የሚፈልግ ገበሬ አንዱን በረግረግ፣ ሁለተኛውን በጭንጫ መሬት ላይ ዘርቶ ፍርድ አይሰጥም፤ በአንድ እርሻ ላይ ጐን ለጐን ይዘራቸዋል እንጂ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ዝናቡም ፀሐዩም አፈሩም ለሁለቱ እኩል ስለ ሆነ፣ የቀረው ልዩነት የዘሩ ልዩነት ነው። ወርን ከወሩ ጋራ ስናጣምድም የአዝመራውና የክረምቱ ተራ ልዩነት ከሁለቱ ወገን ይጣፋና የዓመቱ ልዩነት ብቻውን ቁሞ ይታያል።

ይህን ብልሃት በሒሳብ ሥርዓት ያስያዘው ዊልያም ጎሴት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ትምህርቱን በኦክስፎርድ ከጨረሰ በኋላ፣ በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ካለው ከጊነስ የቢራ ፋብሪካ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ገባ። ሥራው ለቢራ የሚሆነውን ገብስ መምረጥና መፈተን ነበረ። ገብስን መቶና ሺህ ጊዜ መፈተን ስለማይቻል፣ ከጥቂት ፈተና እውነቱን ለማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ሲመረምር ኖሮ፣ በ1908 ዓ.ም. ያገኘውን አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዳያሳትሙ ይከለክል ስለ ነበር፣ ጽሑፉን «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አወጣው፤ እስከ ዛሬም ድረስ ፈተናው «የተማሪው ፈተና» እየተባለ ይጠራል። ከእርሱም በኋላ ሮናልድ ፊሸር የሚባለው ሊቅ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ተቀምጦ ብልሃቱን አስፋፋው። ፊሸር በ1935 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቻርልስ ዳርዊን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያሳደጋቸውን 15 ጥንድ በቈሎዎች ቁመት ምሳሌ አድርጎ፣ ከሌላ አበባ ጋራ የተዳቀለው ከራሱ ከተዳቀለው መብለጡን በዚህ መንገድ መረመረ። ከ15ቱ ጥንዶች በ13ቱ ብልጫው የተዳቀለው ሲሆን፣ የፈተናው ቍጥር 2.148 ወጣ፤ ማለፍ የነበረበት ወሰን 2.145 ነበረና በጭላንጭል ብቻ አለፈ። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከመጀመሪያው ከገብስና ከበቈሎ ጋራ ያደገ ስለ ሆነ፣ ለእርሻ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

አሁን አሠራሩን በምሳሌ እናሳይ። ከዚህ በታች ያለው ቍጥር ለትምህርት ያህል የተዘጋጀ ነው እንጂ ከሮቢት ገበያ መዝገብ የተገለበጠ አይደለም። የአንድ ኵንታል ማሽላ ዋጋ በብር ነው፤ የፊተኛው የአምና፣ የኋለኛው የዘንድሮ ነው።

መስከረም፤ 4600፤ 4900፤ ልዩነቱ ጭማሪ 300
ጥቅምት፤ 4500፤ 4700፤ ጭማሪ 200
ኅዳር፤ 4100፤ 4200፤ ጭማሪ 100
ታኅሣሥ፤ 3800፤ 3700፤ ቅናሽ 100
ጥር፤ 3700፤ 3900፤ ጭማሪ 200
የካቲት፤ 3900፤ 4200፤ ጭማሪ 300
መጋቢት፤ 4100፤ 4300፤ ጭማሪ 200
ሚያዝያ፤ 4300፤ 4700፤ ጭማሪ 400
ግንቦት፤ 4500፤ 4800፤ ጭማሪ 300
ሰኔ፤ 4800፤ 4900፤ ጭማሪ 100

የአምናው መካከለኛ ዋጋ 4230፣ የዘንድሮው 4430 ብር ነው፤ ልዩነቱም 200 ብር ነው። ጥያቄው ይህ 200 ብር የእውነት ነው ወይስ የአጋጣሚ ነው የሚል ነው።

እዚህ ላይ የፈተናውን መንፈስ በአገራችን ሙግት ሥርዓት መረዳት ይቻላል። በዳኛ ፊት ከሳሽ ማስረጃውን እስኪያቀርብ ድረስ ተከሳሹ ነጻ እንደ ሆነ ይቈጠራል። በዚህም ፈተና «በአምናና በዘንድሮ መካከል የእውነት ልዩነት የለም» የሚለው ግምት እንደ ተከሳሽ ይቆማል፤ የየጥንዱ ልዩነት እንደ ምስክር ይቀርባል። ምስክሮቹ ብዙ ሁነው ቃላቸውም የተስማማ እንደ ሆነ ግምቱ ይረታል። ጥቂቶች ወይም እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ እንደ ሆኑ ግን ግምቱ አልተረታም ይባላል። አልተረታም ማለትም ልዩነት አለመኖሩ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃም ማለት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እያደባለቁ ስለሚጽፉ እጅግ መጠንቀቅ ይገባል።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ አሥሩን ልዩነቶች ይደምሯል፤ ቅናሹን መቀነስ ነው። ድምሩ 2000 ስለ ሆነ፣ ለ10 ቢካፈል መካከለኛው ልዩነት 200 ይሆናል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልዩነት ከ200 ምን ያህል እንደ ራቀ ይጻፋል፤ ይህም ርቀት በራሱ ይባዛና ይደመራል። በምሳሌያችን ድምሩ 180000 ነው። ይህን ከጥንዶቹ ቍጥር አንድ በጐደለው፣ ማለት በ9 ብናካፍል 20000 ይመጣል። በራሱ ሲባዛ 20000 የሚሆነው ቍጥር 141.4 ነው፤ ይህም የልዩነቶቹ የመዋዠቅ ልክ ነው። ሦስተኛ፣ በራሱ ሲባዛ 10 የሚሆነው ቍጥር 3.16 ስለ ሆነ፣ 141.4ን በዚህ ብናካፍል 44.7 እናገኛለን፤ ይህም የመካከለኛው ልዩነት የስሕተት ልክ ነው። አራተኛ፣ 200ን በ44.7 ብናካፍል 4.47 ይሆናል፤ የፈተናው ቍጥር ይህ ነው።

ይህ ቍጥር ማለፍ ያለበት ወሰን እንደ ጥንዶቹ ብዛት ይለያያል። ጥንዶቹ 6 ሲሆኑ ወሰኑ 2.571፣ 8 ሲሆኑ 2.365፣ 10 ሲሆኑ 2.262፣ 12 ሲሆኑ 2.201 ነው። ወሰኑ የተሠራው፣ የእውነት ልዩነት ባይኖር ኖሮ የፈተናው ቍጥር በጭማሪም ሆነ በቅናሽ በኩል እርሱን የሚያልፈው ከመቶ ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው። በእኛ ምሳሌ 4.47 ከ2.262 እጅግ ስለሚበልጥ፣ «ልዩነት የለም» የሚለው ግምት ተረታ። ከዚህም በላይ 44.7ን በ2.262 አባዝተን ከ200 ላይ ብንቀንስና ብንጨምር፣ እውነተኛው ጭማሪ ከ99 እስከ 301 ብር ባለው መካከል እንደሚሆን መገመት እንችላለን። ለበላይ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ይህ ከሁሉ የሚጠቅም ቍጥር ነው፤ ተወደደ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል እንደ ተወደደ ይናገራልና።

ወሮቹን ሳናጣምድ ሁለቱን ዓመታት እንዲሁ በጅምላ ብናስተያይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያው 200 ብር ልዩነት የስሕተት ልኩ 44.7 መሆኑ ቀርቶ 179 ይሆናል፤ የፈተናውም ቍጥር ወደ 1.12 ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ማለፍ ያለበት ወሰን 2.101 ስለ ሆነ ለውጥ አልተገኘም ተብሎ ይጻፍ ነበር። አንድ መዝገብ፣ አንድ ዋጋ፣ ሁለት ፍርድ፤ የተለየው ማጣመዱ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ማካፈልና ማባዛት የማይመቸው ጸሐፊ ደግሞ ቀለል ያለ መንገድ አለለት። የጨመሩትንና የቀነሱትን ወሮች ብቻ ይቍጠር። የእውነት ልዩነት ከሌለ እያንዳንዱ ጥንድ እንደ ተጣለ ሳንቲም ነው፤ መጨመሩም መቀነሱም እኩል ዕድል አለው። ሳንቲም አሥር ጊዜ ሲጣል ሊወጣ የሚችለው መንገድ 2 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1024 ነው። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ ወይም አሥሩ በአንድ ወገን የሚሆኑባቸው መንገዶች፣ ሁለቱም ወገን ተቈጥሮ፣ 22 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 2 ያህል ነው። በእኛ ምሳሌ ዘጠኝ ጨምረው አንድ ስለ ቀነሰ፣ ይህም ቀላል ፈተና ከፊተኛው ጋራ ተስማማ። ጥንዶቹ 5 ብቻ የሆኑ እንደ ሆነ ግን አምስቱም ቢጨምሩ እንኳ ማስረጃው ከመቶ 6 ስለሚሆን አይበቃም፤ ስለዚህ ከ6 ጥንድ በታች ፍርድ መስጠት አይገባም። ይህ አቈጣጠር ከጎሴትም የቀደመ ነው፤ ጆን አርበትኖት የሚባል ሐኪም በፈረንጅ 1710 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በ82 ዓመት ውስጥ የተጠመቁትን ሕፃናት ቈጥሮ፣ በእያንዳንዱ ዓመት ወንዶቹ ከሴቶቹ መብለጣቸውን በማየት፣ ይህ በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል በዚህ መንገድ አስረድቷል።

ብልሃቱ ይህን ያህል ነው። ነገር ግን ማጣመዱ እውነተኛ ካልሆነ ሒሳቡ ምንም ቢጠራ ፍሬ የለውም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች መመልከት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የመስፈሪያው ነገር ነው። በየገበያው ቁናና ጣሳ ይለያያል፤ አንዱ ሻጭ አፉን አስተካክሎ፣ ሌላው ቈልሎ ይሰፍራል። አምና በተቈለለ ጣሳ የተጻፈውን ዘንድሮ ከተስተካከለው ጋራ ማጣመድ የሚዛንን እንጂ የዋጋን ልዩነት አያሳይም። የሚቻል ከሆነ በኪሎ መመዘን፣ ያልተቻለ እንደ ሆነ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መስፈሪያና አሰፋፈር መጻፍ ነው። እንደዚሁም ነጭ ጤፍ ከነጭ ጤፍ፣ ደጋለት ማሽላ ከደጋለት ማሽላ፣ አዲስ እህል ከአዲስ እህል ጋራ ይጣመዳል። ገና ያልደረቀ አዲስ እህል በሚዛን ይከብዳልና። ሰዓቱም አንድ ይሁን፤ የጧት ዋጋና ገበያው ሊፈታ ሲል ያለው ዋጋ አንድ አይደለምና።

ሁለተኛ የጾምና የበዓል ነገር ነው። የማሽላን ዋጋ በወር ማጣመድ ይበቃል፤ የፍየል፣ የበግ፣ የዶሮ፣ የቅቤና የእንቍላል ዋጋ ግን ከወር ይልቅ ከጾሙ ጋራ ይሄዳል። ባሕረ ሐሳብን የተማረ እንደሚያውቀው ፋሲካ ከዓመት ወደ ዓመት ይዛወራል። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ነበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። እንግዲህ ሚያዝያ 20 ቀንን በሁለቱ ዓመታት ብናጣምድ፣ በ2015 ዓ.ም. ፋሲካው አልፎ ሰው ሥጋ ሲበላ የቈየበት ቀን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን የሆሣዕና እሑድ፣ ገና ጾሙ ያልተፈታበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ጥንድ ፍየል ረከሰ ወይም ተወደደ የሚል ሰው የአቈጣጠርን እንጂ የገበያን ነገር አልተናገረም። ስለዚህ የከብት ዋጋ ከፋሲካ በፊት ያለውን ሳምንት ከፋሲካ በፊት ካለው ሳምንት ጋራ በማጣመድ ይመዝገብ። በራያ ብዙ እስላም ወገኖቻችን ስላሉ፣ የረመዳን ጾምና የዐረፋ በዓልም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛ የመነሻው ዓመት ነው። የሚነጻጸሩበት ዓመት ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ዘንድሮ ምንጊዜም ደኅና ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የበረሃ አንበጣ በራያ እርሻ ላይ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦ ደረሰ። ገበያና መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የተጻፈ ዋጋ ለመነሻ አይሆንም። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ከአምና ጋራ ብቻ ሳይሆን ከካቻምናም ጋራ ማመሳከር መልካም ነው።

አራተኛ የወሮቹ ዝምድና ነው። ፈተናው እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው የቆመ ምስክር እንደ ሆነ አድርጎ ይቈጥራል። ነገር ግን የጥር ዋጋ ለየካቲት ስለሚያወርስ፣ አሥር ተከታታይ ወሮች እንደ አሥር ወንድማማች ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ከአንድ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቍጥሩ ወሰኑን በጥቂት ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ ቶሎ አይታመን። ከሮቢት ሌላ የቆቦን፣ የጎብየን፣ የወልድያን ገበያ መዝገብ ጨምሮ መመርመር ይገባል፤ እነዚህም በአንድ መንገድ ስለሚገናኙ ፍጹም ባዕዳን አይደሉም፤ ቢሆንም ከአንድ ገበያ ምስክርነት ይሻላሉ።

አምስተኛ መርጦ መስማት ነው። ሃያ ዓይነት ሸቀጥ መርምሮ የተወደደውን አንዱን ብቻ ለበላይ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ ለእርሱ የሚመሰክሩለትን ብቻ ጠርቶ ሌላውን ከደጅ እንደሚመልስ ዳኛ ነው። ከሃያ ሸቀጥ አንዱ ምንም የእውነት ለውጥ ሳይኖር ወሰኑን ማለፉ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ከመቶ 5 ማለት ይህ ነውና። ስለዚህ የትኛው እህል፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ገበያ እንደሚመረመር ዋጋው ሳይታይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይቀራል። ዋጋ አለመለወጡ ሕዝብ አለመራቡን አያሳይም። ይህን ወሎ በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኀብ ገበሬው ቤቱን እየጣለ ወደ ትልቁ መንገድ ወረደ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የሕንድ ተወላጅ የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በፈረንጅ 1981 ዓ.ም. ስለ ረኀብ ባሳተመው መጽሐፉ፣ በደሴ ገበያ የነበረውን የእህል ዋጋ ከረኀቡ በፊት ከነበረው ጋራ አስተያይቶ ብዙ እንዳልጨመረ አሳየ። ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ እህሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ስላልነበረው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ምንም ቢራብ ገበያ ገብቶ ዋጋ አያስጨምርም ብሏል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የደሴን ዋጋ ብቻ ጥንድ በጥንድ የመረመረ ጸሐፊ፣ ሒሳቡ ትክክል ሁኖ ሳለ ፍርዱ ሕዝብን ያስጨርስ ነበር።

ስለዚህ ከእህሉ ዋጋ ጋራ ደሀው የሚሸጠው ነገር ዋጋ አብሮ ይመዝገብ፤ ይኸውም ፍየል፣ በግና የቀን ሥራ ደመወዝ ነው። ከዚያም የአንድ ፍየል ዋጋ ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል ተብሎ ይቈጠር። ለምሳሌ አምና ፍየል 3000 ብር፣ ማሽላ በኵንታል 4230 ብር ቢሆን፣ አንድ ፍየል 71 ኪሎ ያህል ማሽላ ይገዛ ነበር። ዘንድሮ ፍየል 2600 ብር፣ ማሽላ 4430 ብር ቢሆን፣ አንድ ፍየል የሚገዛው 59 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የማሽላው ዋጋ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ጨመረ፤ የገበሬው እንጀራ ግን ከመቶ 17 ቀነሰ። ይህ አቈጣጠር ሌላም ጥቅም አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንደታየው፣ የገንዘቡ አቅም ራሱ ሲለወጥ በብር የተጻፈ ዋጋ ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ ፍየልን በማሽላ የለካ ግን የብሩን ለውጥ ከሁለቱም ወገን ያጣፋዋል። ይህም የኪሎ ቍጥር በየወሩ ተጣምዶ በዚያው ፈተና ሊመረመር ይቻላል።

እንግዲህ በየወረዳው እንዲህ ቢደረግ መልካም ነው።

1ኛ/ በእያንዳንዱ ዋና ገበያ አንድ ጸሐፊ ተመድቦ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መስፈሪያ የማሽላን፣ የጤፍን፣ የፍየልንና የቀን ሥራን ዋጋ ይጻፍ። ከአንድ ሻጭ ሳይሆን ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ይጠይቅ፤ ከሦስቱም መካከለኛውን ይያዝ።

2ኛ/ መዝገቡ አይደለዝ፤ ገበያው ባልቆመበት ሳምንት ገበያ አልቆመም ተብሎ ይጻፍ እንጂ ከግምት ዋጋ አይሞላበት። ባዶ የሆነ ጥንድ ከፈተናው ይወጣል፤ በፈጠራ የተሞላ ጥንድ ግን ሌሎቹን ሁሉ ያበላሻል።

3ኛ/ በየሦስቱ ወር ያለፉት ጥንዶች ተመርምረው፣ የጥንዶቹ ብዛት፣ መካከለኛው ልዩነት፣ እውነተኛው ልዩነት የሚገኝበት ከዚህ እስከዚህ የሚለው ቍጥር፣ እንዲሁም የፍየሉ የማሽላ ልክ ለበላይ ይላክ። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የሒሳብ መኪና ለዚህ ይበቃል።

4ኛ/ ሹሙ ደብዳቤውን ሲጽፍ ቍጥሩ የሚናገረውንና እርሱ የሚገምተውን ለይቶ ይጻፍ። ፈተናው ዋጋው ተለወጠ ይላል እንጂ ለምን እንደ ተለወጠ አይናገርም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ እርሻው መውረድ፣ ጐተራውን ማየትና ገበሬውን መጠየቅ የሹሙ ሥራ ነው።

ዮሴፍ በግብጽ አገር የጥጋቡን ዘመን እህል ለረኀቡ ዘመን ሊያኖር የቻለው የሚመጣው አስቀድሞ ስለ ተገለጠለት ነው። ለእኛ ሕልም የሚፈታልን ባይኖር፣ መዝገብና ሒሳብ አሉልን። በልግ በቀረ ዓመት የሮቢት ገበሬ በሬውን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት ቀደም ብለው የሚናገሩ ጥቂት ጥንድ ቍጥሮች በወረዳው መዝገብ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።